ኬኔት ዲኬ፦ የአፍሪካን ታሪክ ከወረቀት ክምር ያወጡት ሰው

ከለንደን ዶክትሬታቸውን ይዘው የተመለሱ አንድ ናይጄሪያዊ ምሁር በ1951 ለየት ያለ ሥራ ጀመሩ። በቅኝ ገዥው መንግሥት ፈቃድ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞሩ አሮጌ ወረቀት መፈለግ ያዙ። ሌጎስ ካለው ዋና ጽሕፈት ቤት እስከ ገጠር አውራጃ ቢሮ ድረስ አዳረሱ። ያዩት ነገር ደስ የሚል አልነበረም። የስንት ዘመን ደብዳቤና ሪፖርት በየጥጋቱ ተከምሯል። ምስጥ የበላው አለ፣ እርጥበት ያጣበቀው አለ። የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ራሱ ዕድል ነበር።

ሰውየው ኬኔት ኦንዉካ ዲኬ ይባላሉ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ስማቸው ሲነሳ የዘመናዊው የአፍሪካ ታሪክ ጥናት አባት የሚሏቸው ብዙ ናቸው። ማዕረጉ አይበዛባቸውም። እኔን ግን ከመጽሐፋቸውም በላይ የሚገርመኝ ብዙም የማይወራለት ይህ የወረቀት ሥራቸው ነው። አንድ ሰው ታሪክ ለመጻፍ ብሎ መጀመሪያ መዝገብ ቤቱን መሥራት ሲኖርበት ምን ይመስላል? የእሳቸው ሕይወት ይህን ጥያቄ በደንብ ይመልሳል።

ከችግሩ እንጀምር። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ትምህርትን እንደ ሙያ ሲያደራጁ አንድ ጥብቅ ደንብ አወጡ። ታሪክ የሚጻፈው ከሰነድ ነው አሉ። ሰነድ ማለት ደግሞ በዘመኑ የተጻፈ፣ በቤተ መዛግብት የተቀመጠ ወረቀት ነው። ደንቡ በራሱ ክፋት የለውም። ወሬን ከማስረጃ ይለያል። ነገር ግን አፍሪካ ላይ ሲደርስ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረ። ከሰሃራ በታች ያለው አብዛኛው ሕዝብ በጽሑፍ የተቀመጠ ሰነድ የለውም፣ ስለዚህ ታሪክም የለውም ተባለ። ሂዩ ትሬቨር ሮፐር የተባለው ስመ ጥር የኦክስፎርድ ምሁር በ1963 እንኳን ይህንኑ በይፋ ደግሞታል። ያለው የአውሮፓውያን የአፍሪካ ውስጥ ታሪክ ነው፣ የቀረው ጨለማ ነው ዓይነት ንግግር። ያኔ የዲኬ መጽሐፍ ከታተመ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሰውየው አላነበበውም ወይም ማንበብ አልፈለገም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ ይህ እኛን አይመለከተንም ይል ይሆናል። እኛ ብራና አለን፣ ዜና መዋዕል አለን። ልክ ነው። ግን ዜና መዋዕልና ቤተ መዛግብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዜና መዋዕል ገና ከመነሻው ለትውልድ እንዲነገር ታስቦ ይጻፋል። ጸሐፊው ንጉሡን ማስደሰት አለበት። መዝገብ ግን የሥራ ትርፍራፊ ነው። ቀረጥ የሰበሰበ፣ ክስ የሰማ፣ ደመወዝ የከፈለ ሰው ሥራውን ሲሠራ የተወው ወረቀት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ያነበዋል ብሎ ያሰበ የለም። ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ሰው ለታሪክ ብሎ ሲጽፍ ይሽቀረቀራል። ለአለቃው ሪፖርት ሲጽፍ ግን ሳያስበው ብዙ ያመልጠዋል።

ዲኬ የተወለዱት በ1917 በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ በኢግቦ ምድር፣ አውካ በምትባል ከተማ ነው። አውካ በብረት ቀጥቃጮቿ የታወቀች ናት። ቀጥቃጮቹ መሣሪያቸውን ተሸክመው አገር ለአገር እየዞሩ ይሠሩ ነበር፤ ስለዚህ የአውካ ልጅ ስለ ሩቅ ገበያና ስለ ንግድ መንገድ እየሰማ ነው የሚያድገው። ዲኬ በኦኒቻ፣ ከዚያ በጎልድ ኮስት (በዛሬዋ ጋና) አቺሞታ ኮሌጅ፣ ከዚያ በሴራሊዮን ፉራህ ቤይ ኮሌጅ ተማሩ። ቀጥለው ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በ1947 ከአበርዲን ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ማስተርሳቸውን ያዙ። ዶክትሬታቸውን በ1950 የጨረሱት በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ነው። በዚያ ዘመን በለንደን እንዲህ ያለ ጥናት ሲሠራ ጉዳዩ የሚታየው የብሪታንያ ግዛት ታሪክ አካል ሆኖ ነበር። ዲኬ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘው ገቡ፦ እዚያ ወንዝ አፍ ላይ አፍሪካውያኑ ራሳቸው ምን ያደርጉ ነበር?

የጥናታቸው ቦታ የኒጀር ደልታ ነው። ኒጀር ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል ወደ ብዙ ጅረት ይበታተናል። በጅረቶቹ መሐል ቦኒ፣ ብራስ፣ ካላባሪ የሚባሉ የንግድ ከተሞች ነበሩ። ወደ ምሥራቅ ደግሞ አሮጌው ካላባር አለ። እነዚህ ከተሞች ለረጅም ጊዜ ባሪያ ሲሸጡ ኖረዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የባሪያ ንግዱ እየተዳከመ ሲሄድ ወደ ፓልም ዘይት ዞሩ። የእንግሊዝ ፋብሪካ ማሽኑን የሚያለሰልሰው በዚህ ዘይት ነው። ሳሙናውም፣ ሻማውም የሚሠራው ከዚሁ ነው።

የተለመደው ትረካ ነጮቹ መጡ፣ ያዙ፣ ነገዱ የሚል ነበር። ዲኬ ሰነዱን ሲያገላብጡ የተገኘው ታሪክ ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ ነጮቹ ከወንዙ አፍ አልፈው መግባት አልቻሉም። አንደኛው ምክንያት ወባ ነው። ነጋዴዎቹ የሚኖሩት መሬት ላይ ሳይሆን ወንዝ አፍ ላይ በታሰሩ፣ ጣሪያ በተሠራላቸው አሮጌ መርከቦች ውስጥ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የደልታው ነገሥታትና ነጋዴዎች አለማስገባታቸው ነው። ከመሐል አገር የሚመጣው ዘይት በእነሱ እጅ ያልፋል። መርከብ ሲመጣ ቀረጥ ይከፍላል። ነጩ ነጋዴ ዕቃውን በዱቤ ሰጥቶ ዘይቱ እስኪመጣ ወራት ይጠብቃል። ገበያው የተዘጋበት ነጋዴ ባዶ በርሜሉን ታቅፎ ይቀመጣል።

በ1854 አንድ ነገር ተለወጠ። ዶክተር ቤይኪ የሚባል ሰው የመራው የፕሌያድ መርከብ ጉዞ ኩዊኒን የሚባለውን የወባ መድኃኒት እየወሰደ ኒጀርንና ቤኑዌን ወጥቶ ማንም ሳይሞትበት ተመለሰ። ያ የወባ አጥር ተሰበረ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የቦኒው ንጉሥ ዊልያም ዳፓ ፔፕል በእንግሊዙ ቆንስል በጆን ቢክሮፍት ከዙፋኑ ወርዶ ተጋዘ። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1861 ነው። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የሚቀጥለው ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም።

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ ጃጃ የሚባለው ይለያል። ኢግቦ ነው። በልጅነቱ ተሽጦ ቦኒ ገባ። በደልታው ሥርዓት እያንዳንዱ የንግድ ቤት እንደ ቤተሰብም፣ እንደ ኩባንያም፣ እንደ ጦርም ነበር። ችሎታ ያለው ባሪያ እስከ ቤቱ አለቅነት ሊደርስ ይችላል። ጃጃም ደረሰ። በ1869 ከተቀናቃኙ ቤት ጋር ጦርነት ሲገጥም ሰዎቹን ይዞ ቦኒን ለቀቀና ኦፖቦ የሚባል የራሱን ከተማ ቆረቆረ። ቦታውን የመረጠው በጥበብ ነው፤ ዘይቱ ወደ ቦኒ የሚወርድበትን መንገድ ዘጋው። እንግሊዞች ሊያልፉት ባለመቻላቸው በ1873 ንጉሥነቱን አወቁለት። በ1887 ግን ለንግግር ብለው ጠርተው መርከብ ላይ ያዙትና አጋዙት። በ1891 ወደ አገሩ ሲመለስ ተነሪፍ ደሴት ላይ ሞተ። ይህ የመጨረሻው ክፍል የዲኬ ጥናት ከሚቆምበት ከ1885 በኋላ ነው፣ ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዲኬ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? አብዛኛውን ከእንግሊዞቹ ከራሳቸው መዝገብ ነው። ቆንስሉ ለንደን ላሉት አለቆቹ ይጽፋል። ንጉሡ ገበያ ዘጋብን፣ ቀረጥ ጨመረብን፣ ነጋዴዎቻችን ተንገላቱ እያለ ያማርራል። ጸሐፊው ይህን የሚጽፈው የጦር መርከብ እንዲላክለት ነው። ዲኬ ግን ያነበቡት በሌላ ዓይን ነው። ገበያ መዝጋት የሚችል ሰው ሥልጣን አለው ማለት ነው። ቀረጥ የሚያስከፍል ሰው መንግሥት አለው ማለት ነው። ምሬቱ ራሱ ምስክር ሆነ። በተጨማሪ ዲኬ ወደ ደልታው ሄደው የሽማግሌዎችን የቃል ታሪክ ሰበሰቡ። የቃል ታሪክን በዶክትሬት ጥናት ውስጥ እንደ ማስረጃ ማስገባት በዚያን ጊዜ ድፍረት ነበር። ሥራው በ1956 «ንግድና ፖለቲካ በኒጀር ደልታ» ተብሎ በመጽሐፍ ታተመ።

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ ውስጥ የቃል ታሪኩ ድርሻ ብዙዎች እንደሚያወሩት ሰፊ አይደለም። ሸክሙን የተሸከመው የጽሑፍ ሰነድ ነው። ዲኬም ይህ ሳይከነክናቸው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ፤ ምክንያቱም ናይጄሪያ ተመልሰው ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር እንደጀመሩ ቀጥታ የሄዱት ወደ ወረቀቱ ነው። የናይጄሪያን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁልጊዜ ለንደን መሄድ አለበት? አገር ውስጥ የቀረው ወረቀት ደግሞ ምስጥ እስኪጨርሰው ይጠበቅ?

ዳሰሳው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ሪፖርቱ በ1954 ወጣ። በዚያው ዓመት የናይጄሪያ የመዛግብት ቢሮ በኢባዳን ተቋቋመ፣ ኃላፊውም ዲኬ ሆኑ። በ1957 የመዛግብት ሕግ ወጥቶ ተቋሙ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሆነ። ከኢባዳን ሌላ በኤኑጉና በካዱና ቅርንጫፎች ተከፈቱለት።

ሕጉ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ የመንግሥት ወረቀት ባለቤቱ ማነው የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ሕግ ስለሆነ ነው። ሕግ በሌለበት ማንኛውም ሹም ሲሄድ ፋይሉን ሊያቃጥል ወይም ሻንጣው ውስጥ ከቶ ሊወስድ ይችላል። ይህ የፈጠራ ስጋት አይደለም። እንግሊዞች ከበርካታ ቅኝ ግዛቶቻቸው ሲወጡ አሳፋሪ የመሰላቸውን ፋይል አቃጥለዋል፣ የተወሰነውንም ወደ አገራቸው አሽሽተዋል። በ2011 የኬንያ ማው ማው አርበኞች ለንደን ላይ በመሠረቱት ክስ የተነሳ ሃንስሎፕ ፓርክ በሚባል ቦታ ተደብቀው የኖሩ ከ37 የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች የመጡ ወደ 8,800 የሚጠጉ ፋይሎች ይፋ ወጥተዋል። ናይጄሪያ በ1960 ነፃ ስትወጣ ቢያንስ ሕግም፣ ቤትም፣ ሠራተኛም ያለው ቤተ መዛግብት ነበራት። 

ቤት መሥራቱ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ አደራደሩ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ፋይል ቢሰጣችሁ እንዴት ትደረድሩታላችሁ? ብዙ ሰው በርዕሰ ጉዳይ ይላል። የንግድ እዚህ፣ የግብር እዚያ፣ የመሬት ደግሞ ወዲያ። በመዛግብት ሙያ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ደንቡ የአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት ከሌላው ሳይቀላቀል፣ መሥሪያ ቤቱ በተጠቀመበት ቅደም ተከተል ይቀመጥ ይላል። የአንዱን መሥሪያ ቤት ከሌላው ያለመቀላቀሉ ደንብ በመንግሥት ሰርኩላር የወጣው በፈረንሳይ በ1841 ነው።

ምክንያቱን ለማየት የእኛን አገር ቢሮ ማሰብ ይበቃል። ማመልከቻ ታስገባላችሁ። ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጽፎ ለሌላ ክፍል ይመራዋል። ያኛው ክፍል ደግሞ ሐሳቡን ጽፎ ይመልሳል። መልሱ ከነቁጥሩ ከኋላው ይያያዛል። አንድ ሰው መጥቶ ማመልከቻችሁን ብቻ ነቅሎ «የመሬት ጉዳይ» የሚል ሳጥን ውስጥ ቢከተው፣ ማን አየው፣ ማን ከለከለ፣ ለምን ዘገየ የሚለው ሁሉ ጠፋ። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ፋይሎችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ሹም ከሌላው ሥር አስተያየቱን እየጻፈ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ከደብዳቤው ይልቅ የሚጥመው የእነሱ የእርስ በርስ ንትርክ ነው።

ስለ ናይጄሪያ ታሪክ የተጻፈ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ የግርጌ ማስታወሻውን ተመልከቱ። «ሲኤስኦ 26» የሚል ታገኛላችሁ። ያ የሌጎሱ ዋና ጸሐፊ ቢሮ ፋይል ነው፣ ኢባዳን ይገኛል። «ኦዮ ፕሮፍ» የኦዮ ክፍለ ሀገር ቢሮ ነው። «ካልፕሮፍ» ሲል የካላባር ክፍለ ሀገር ነው፣ እሱ ኤኑጉ ነው ያለው። «ኤስኤንፒ» የሰሜን ክፍለ ሀገራት ጽሕፈት ቤት ሲሆን ካዱና ነው። አንዱም ምልክት ርዕሰ ጉዳይ አይናገርም። ሁሉም የሚናገሩት ወረቀቱን የያዘው ማን እንደነበር ነው። አንባቢው ይህን ሲያውቅ ጸሐፊው ምን እንደሚፈልግና ማንን እንደሚፈራ መገመት ይጀምራል።

ሌላው የማይወደደው ሥራ መጣል ነው። ሁሉን ማስቀመጥ አይቻልም። የቤንዚን ደረሰኝ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ አሥር ጊዜ የተባዛ ሰርኩላር ቦታ ይጨርሳል። የመዛግብት ባለሙያ ሙያው የሚለካው ባስቀመጠው ብቻ ሳይሆን በጣለውም ነው፤ ዛሬ ከንቱ የመሰለ ወረቀት ነገ ሊፈለግ እንደሚችልም ያውቀዋል። አንጀት የሚበላ ሥራ ነው።

ዲኬ በዚህ መሐል ሌላውንም አልተዉም። በ1955 የናይጄሪያ የታሪክ ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1956 ፕሮፌሰር ተባሉ። በዛሬዋ ናይጄሪያ ውስጥ የነበረውን የጥንቱን የቤኒን መንግሥት ታሪክና ባህል የሚያጠና ቡድንም መሩ። እሱ ላይ የታሪክ፣ የሥነ ሰብና የሥነ ጥበብ ሰዎች አብረው ሠርተዋል። በ1960 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ኃላፊ ሆኑ፤ ኮሌጁ ራሱን ችሎ የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም የመጀመሪያው ናይጄሪያዊ ምክትል ቻንስለር (በእንግሊዝ ሥርዓት ዩኒቨርሲቲውን የሚመራው ሰው) እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቻቸውና ባልደረቦቻቸው ያወጧቸው መጻሕፍት የኢባዳን የታሪክ ትምህርት ቤት የሚባለውን የአጻጻፍ ፈለግ ፈጠሩ። በ1962 አክራ ላይ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ጥናት ጉባኤ ሲካሄድ ሰብሳቢው ዲኬ ነበሩ። ሦስተኛው ጉባኤ በ1973 አዲስ አበባ ተካሂዷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ያሳዝናል። በ1966 በሰሜን ናይጄሪያ በኢግቦዎች ላይ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። አገሪቱ በብሔር ተከፋፈለች፣ ዩኒቨርሲቲውም አልቀረለትም። ዲኬ በዓመቱ መጨረሻ ኢባዳንን ለቀው ወደ ምሥራቅ ሄዱ። የምሥራቁ ክፍል ቢያፍራ በሚል ስም በ1967 መገንጠሉን ሲያውጅ ከጎኑ ቆሙ፣ አምባሳደር ሆነውም ዓለም ዞሩ። ለአንዲት ናይጄሪያ ብሔራዊ መዝገብ የሠራ ሰው ያቺን አገር ለመክፈል የሚከራከር መልእክተኛ ሆነ። በዚህ የሚወቅሷቸው አሉ። እኔ ወገኑ በየከተማው ሲታረድ ያየ ሰው ላይ መፍረድ ይከብደኛል። ጦርነቱ በ1970 በቢያፍራ ሽንፈት ሲያበቃ ዲኬ አሜሪካ ሄዱና ሃርቫርድ የአፍሪካ ታሪክ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አገራቸው ተመልሰው አዲሱን የአናምብራ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መሩ። በ1983 ኤኑጉ ላይ አረፉ።

በዲኬና በኢባዳን ምሁራን ላይ የሚነሳው ትልቁ ትችት የነገሥታትና የነጋዴዎች ታሪክ ጽፋችኋል የሚል ነው። ቅኝ ገዥዎች አፍሪካ ንጉሥ አልነበራትም ሲሉ እናንተ ነበራት እያላችሁ ስትከራከሩ ተራው ሰው ተረሳ ይላሉ። ሴቶቹ፣ ገበሬዎቹ፣ ዘይቱን የሚጨምቁት እጆች የታሉ? ትችቱ ልክ ነው። ግን ተቺዎቹም መልሱን የፈለጉት ከዚያው የወረቀት ክምር ነው። በ1929 በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ሴቶች ግብር ሊጣልብን ነው ብለው በብዙ ሺህ ወጥተው ተነሱ። የቅኝ ገዥው ወታደሮችና ፖሊሶች ተኩሰው ከ50 በላይ ሴቶች ገደሉ። መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፣ ኮሚሽኑም የሴቶቹን ቃል ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረ። ለዳኞች የተዘጋጀ፣ በአስተርጓሚ የተቀበለ ቃል ነው፤ ጉድለት አለው። ሆኖም የገበያ ሴት ስለ ግብር፣ ስለ ባሏ ፍየልና ስለ ተሾመባት ሹም የተናገረችውን የሚያነቡ የኋላ ዘመን ምሁራን ዲኬ ያልጻፉትን ታሪክ የጻፉት እንዲህ ካለው ወረቀት ነው።